22 ሰው የሚጭን ጀልባ ወይስ ስድስት? የሻርም ጉዞ ጥያቄዬና የመጡት 19 መልሶች

ሰላም ወገኖች። ከሦስት ሳምንት በፊት እዚሁ አንድ ጥያቄ ጥዬ ነበር። ክሩ፣ ማለትም ውይይቱ፣ ከጠበቅሁት በላይ ረዘመ። መሃል ላይ የገቡ ሰዎች ምን እንደተባለ ጠፍቷቸው ያንኑ እንደገና ይጠይቃሉ። ስለዚህ ጥያቄዬንና መልሶቹን በየተራቸው፣ በራሴ አነጋገር ሰብስቤ አስቀምጫለሁ። የተሳሳትኩበትንም አልደበቅሁም። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መነሻ ጥያቄ

የምኖረው ዱባይ ነው። ስኩባ የተማርኩት ፉጃይራ ሲሆን እስካሁን 14 ጊዜ ጠልቄአለሁ። በኅዳር የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ትመጣና ግብፅ፣ ሻርም ኤል ሼክ እንገናኛለን። እሷ ዋና ትችላለች፣ ጠልቃ ግን አታውቅም።

ሁለት ምርጫ ቀርቦልኛል። አንደኛው ትልቅ የእንጨት ጀልባ ነው። 22 ጠላቂ ይጭናል፣ ሁለት ፎቅ አለው፣ ሽንት ቤት አለው፣ ምሳ እዚያው ይበስላል። ሁለተኛው ፈጣን የጎማ ጀልባ ነው። የሚወስደው ስድስት ሰው ብቻ ነው። ጥላም ሽንት ቤትም የለውም። ዋጋው ግን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው።

ዝም ብዬ አይደለም የምጠይቀው። ባለፈው ዓመት ሙሳንደም (ዑማን) በትልቅ ዳው፣ በእንጨት ጀልባ፣ ወጥተን ነበር። 24 ነበርን። አግዳሚው ላይ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን ተቀመጥን። አንዱ የክብደት ቀበቶው ሲያመልጠው የጎረቤቴ የእግር ጣት ላይ አረፈ። ውሃ ውስጥ ዘጠኝ ሆነን አንድ ጋይድ (መሪ ጠላቂ) እንከተላለን። ከፊቴ ያለው ሰው እግሩን ሲያወራጭ ፊንሱ (የእግሩ መቅዘፊያ) ማስኬን መታውና ግማሹ ውሃ ሞላ። አጽድቼ ቀና ስል የማየው ጀርባ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ፤ ጥቁር ልብስ፣ ጥቁር ጃኬት፣ ብርማ ታንክ። ጓደኛዬ የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። ጌጄን (የታንኬን ግፊት መለኪያ) አየሁ፤ ኦክስጅኔ 60 ባር ደርሷል፣ እያለቀ ነው። ጋይዱ ከፊት ነው፣ ዞሮ አላየም።

ከዚያ ደግሞ መሰላሉ አለ። ሞገዱ ጀልባውን ከፍ ዝቅ ሲያደርገው መሰላሉም አብሮ ይነሳና ውሃውን እየመታ ይወርዳል። እኛ ገመድ ይዘን ተራ እንጠብቃለን። ከላዬ የሚወጣው ሰውዬ የታንኩ ሥር ከራሴ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን ቆጠራው ነው። አንድ ልጅ በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረን። ሰው ላይ ታች እየተመላለሰ ነው። 23 ላይ ቆመ። እንደገና ጀመረ። ሳይጨርስ ከፎቁ አንድ ሰው ሁላችንም እንዳለን ጮሆ ተናገረና ሞተሩ ተነሳ። እውነትም ሁላችንም ነበርን። ግን ያንን በእርግጠኝነት የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኼ ነው። ለእኔና ለአክስቴ ልጅ የትኛው ይሻላል?

መልስ 1፣ ከሻርጃ

እህታችን ሰላምታዋን አስቀድማ ለትልቁ ጀልባ ቆመች። ዋናው ምክንያቷ ሽንት ቤቱ ነው። ብዙ ሴቶች ትንሽ ጀልባ ላይ ሽንት እንዳይመጣባቸው ውሃ ሳይጠጡ እንደሚውሉ፣ እሷም አንድ ጊዜ እንደዚያ አድርጋ ራሷን እስከ ማታ ሲፈልጣት እንደዋለ ነገረችን። ውሃ የጠማው ሰውነት ለመጥለቅም እንደማይመች አስታወሰችን። ሌላው ማጥወልወል ነው። ትልቅ ጀልባ ብዙም አይንገላታም፣ በሁለቱ ጥልቀት መሃል ጥላ ሥር ጋደም ማለት ይቻላል። የአክስቴን ልጅ እንዳስብላት አደራ ብላ ጨረሰች።

መልስ 2፣ ከጅቡቲ

ሁለት መስመር ነው የጻፈው። ጅቡቲ ውስጥ ጀልባ ላይ ሲሠራ ዓመታት እንዳለፉት፣ ምርጫው ሁልጊዜ ትንሿ እንደሆነችና የሚያከራክር ነገር እንደማይታየው። 20 ሰው አንድ ቦታ ሲገባ የሚታየው ዓሣ ሳይሆን አረፋ ነው ባይ ነው።

መልስ 3፣ ከኤላት፣ እስራኤል

ጥያቄዬን ያቃናችው እሷ ናት። ጀልባው ላይ ያለው ሰውና ውሃ ውስጥ አብሮኝ የሚሆነው ሰው አንድ ቁጥር እንዳልሆነ አስረዳችኝ። 22 ሰው ጭኖ አራት ጋይድ ያለው ጀልባ ላይ አንዱ ቡድን አምስት ስድስት ሰው ነው። ስድስት ሰው የያዘችው የጎማ ጀልባም ጋይዷ አንድ ከሆነ ያው ስድስት ነው። ሙሳንደም ላይ የጎዳኝ 24ቱ ሳይሆን ዘጠኙ እንደሆነ ቁልጭ አድርጋ አሳየችኝ። ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ አሰብኩ። ልክ ናት። ዳዉ ላይ ሦስት ጋይዶች ነበሩ። ሁለቱ ዘጠኝ ዘጠኝ፣ አንዱ ስድስት ሰው ይዘው ነው የወረዱት። ከስድስቱ ጋር ብወርድ ኖሮ ይህን ጥያቄ አልጽፈውም ነበር ይሆናል።

አያይዛም እሷ ራሷ ኤላት ውስጥ ጀልባ ብዙም እንደማትፈልግ ጻፈች። ከዳር ተነስታ ነው የምትገባው። በ1994 ሆን ተብሎ የተሰመጠው የቀድሞው የባሕር ኃይል ሚሳኤል ጀልባ፣ ሳጢል የሚሉት፣ ከባሕሩ ዳር በዋና ይደረስበታል። እዚያ አገር መድን የሌለው ሰው እንደማይጠልቅ፣ ስድስት ወር ሳይጠልቅ የቆየም መጀመሪያ ከባለሙያ ጋር ማለማመጃ መግባት እንዳለበት አከለችበት። ለአክስቴ ልጅም ጀልባ ከመምረጥ በፊት ከዳር መጀመር እንደሚሻል የጠቆመችው የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ያኔ ልብ አላልኩትም።

መልስ 4 የእኔ ነው። አመሰገንኩና ለሦስተኛ ቀን ራስ መሐመድ፣ ሻርም አጠገብ ያለውን የባሕር ፓርክ፣ ማሰቤን ጻፍኩ። እሳት የጫረው ይኼ ነው።

መልስ 5፣ ከአቡዳቢ

ወንድማችን አስተማሪ ነው፣ አነጋገሩም ቆፍጣና ነው። ሁለት ነገር አረመኝ።

መጀመሪያ ኦክስጅን ስላልኩት ነገር። ታንኩ ውስጥ ያለው ተራ አየር ነው፣ የታመቀ ብቻ። ኦክስጅኑ ከመቶ 21 ያህል ነው። ንጹሕ ኦክስጅን ሌላ ነገር ነው። እሱ በሳጥን ተቀምጦ፣ ናይትሮጅን ሰውነቱ ውስጥ አረፋ የሠራበት ጠላቂ ሲወጣ የሚሰጠው የመጀመሪያ እርዳታ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ጀልባው ላይ ኦክስጅን አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ታንኮቹን አሳይተው እንደሚሸኙት አስጠነቀቀኝ። ይህ እርማት ጠቅሞኛል፣ በኋላ ታዩታላችሁ።

ሁለተኛው ከረር ያለ ነበር። ጠልቃ የማታውቅ ልጅ ይዞ ራስ መሐመድ መሄድ ከጀልባ ምርጫ የባሰ ስሕተት እንደሆነ ፊት ለፊት ነገረኝ። እዚያ ያሉት ሻርክ ሪፍና ዮላንዳ የሚባሉት ቦታዎች ላይ ከረንቱ (ውሃ ውስጥ ያለው ጅረት) ይነዳል። ግድግዳው ቁልቁል ብዙ መቶ ሜትር ይወርዳል፣ ከታች የሚታየው ሰማያዊ ብቻ ነው። ጀልባው መልሕቅ አይጥልም፤ አንድ ቦታ አውርዶ ሌላ ቦታ ያነሳል። ለሚችል ሰው ግሩም ቦታ እንደሆነ አልካደም። በ1980 የሰመጠችው ዮላንዳ የተባለች መርከብ የጫነቻቸው የመጸዳጃ ሳህኖችና የገንዳ ዕቃዎች አሁንም ኮራሉ መሃል ተበትነው ይታያሉ። ለጀማሪ ግን ቦታው አይደለም። እኔም ብሆን የመጀመሪያ ፈቃዴ የሚለው 18 ሜትር እንደሆነ እንዳልረሳ መከረኝ።

ሳነበው ከነከነኝ። ማታ ላይ ደግሜ ሳነበው ግን አንዲት ቃል የምነቅስበት አጣሁ።

መልስ 6፣ ከሜሪላንድ

እህታችን ፍሎሪዳ ኪይስ ውስጥ ብዙ ጠልቃለች። ያመጣችው ነገር ለእኔ አዲስ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሲክስ ፓክ የሚባሉ ጀልባዎች አሉ። ካፒቴኑ ከፍለው የሚሳፈሩ እስከ ስድስት ሰዎች ድረስ መውሰድ ይችላል። ከስድስት በላይ የሚጭን ጀልባ ግን ኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጥበቃው) መርምሮ የምስክር ወረቀት ሊሰጠው ይገባል። ስለዚህ በዚያ አገር ትንሿ ጀልባ ማለት ብዙ ጊዜ ያልተመረመረችው ጀልባ ማለት ነው። ትንሽ ስለሆነች ብቻ ደህና ናት ማለት እንደማያስኬድ በትሕትና አስረዳች።

መልስ 7፣ እንደገና ከጅቡቲ

ሁለተኛው መላሽ ተመልሶ መጣ፣ ተቆጥቶ። ወረቀት ሰው ከባሕር ሲያወጣ አይቶ እንደማያውቅ፣ ሰው የሚያወጣው ሠራተኛው እንደሆነ ጻፈ። ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ስለ ባሕር ባያስተምረው እንደሚመርጥም ጨመረ። ይህኛው ቃል አላስፈላጊ ነበር። እህታችን ቢሮ አልተቀመጠችም፣ ከሱ ያላነሰ ውሃ ውስጥ ቆይታለች።

መልስ 8፣ ከሜሪላንድ

ለስድቡ አልመለሰችም። ይልቅ የራሷን ክርክር ራሷ አጠበቀችው። ኮንሴፕሽን የተባለው ጀልባ በ2019 ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ክሩዝ ደሴት አጠገብ ተቃጥሎ 34 ሰዎች ማለቃቸውን አስታወሰችን። የተመረመረ፣ ወረቀቱ የተሟላ ጀልባ ነበር። ሰዎቹ ታችኛው ክፍል ተኝተው ነበር። ሌሊት ተራ ገብቶ የሚዞር ጠባቂ አልነበረም። ከመኝታው የሚያስወጡት ሁለቱም መውጫዎች ደግሞ የሚወስዱት ወደዚያው ወደሚነደው ሳሎን ነበር። ካፒቴኑ ኋላ ላይ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎት በ2024 አራት ዓመት ተፈርዶበታል። ምርመራ ይጠቅማል፣ ግን ብቻውን አይበቃም፤ የጅቡቲው ወንድም ስለ ሠራተኛ ያለው ነገር እውነት እንዳለው አመነችለት። እኔ በበኩሌ ከዚህ ክር ውስጥ በጣም ያከበርኩት መልስ ይህ ነው። ሰው ተሰድቦ እንዲህ ሲመልስ ብዙ አላየሁም።

መልስ 9፣ ከፍራንክፈርት

ወሬው ሌሊት ወደሚታደርባቸው ጀልባዎች ሄደ። ወንድማችን ያነሳው ኖቬምበር 25 ቀን 2024 ግብፅ፣ ማርሳ ዓለም አቅጣጫ የሰመጠውን ሲ ስቶሪ የተባለ ጀልባ ነው። የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር። ጀልባው ሊነጋ ሲል ተገልብጦ፣ አንዳንዶቹ የተረፉት ከአንድ ቀን በላይ ውስጡ ታግተው ቆይተው ነው። እሱ ከዚያ ወዲህ የሚያደርገውን ጻፈልን። ጀልባ ላይ እንደወጣ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ አንድ ዙር ይዞራል። መውጫዎቹን በእጁ ከፍቶ ይዘጋል። የሕይወት አድን ጃኬቱን ያለበት ድረስ ሄዶ ይነካዋል። ታች መኝታ ከሆነ ከአልጋው እስከ በሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ ይቆጥራል። ሚስቱ መጀመሪያ ታፍርበት እንደነበር፣ አሁን ግን ቀድማው እንደምትዞር ነገረን።

መልስ 10፣ ከሜልቦርን

ይህኛው የእኔን ቆጠራ ነገር ይዞ ተመለሰ። በጃንዋሪ 1998 አውስትራሊያ፣ ታላቁ ባሪየር ሪፍ ላይ አንድ የጠላቂዎች ጀልባ 26 ሰው ይዞ ወጥቶ አሜሪካዊ ባልና ሚስት ጥሎ ተመለሰ። መቅረታቸው የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፣ ጀልባው ላይ የቀረ ቦርሳቸው ሲገኝ። አልተገኙም። በጣት የሚደረግ ቆጠራ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያመጣ፣ እሱ አሁን በሚወጣባቸው ጀልባዎች እያንዳንዱ ሰው ከውሃ ሲመለስ ስሙ ጎን ራሱ እንደሚፈርም ነገረን። ለሌላ ሰው መፈረም ክልክል ነው፣ ለሚስትም ቢሆን።

እንግዲህ ሙሳንደም ላይ 23 ያለውን ልጅ አስቡት።

መልስ 11፣ ከአዲስ አበባ

አዲስ የገባ ወንድም፣ ከጀልባው ጉዳይ ወጣ ያለ ጥያቄ አመጣ። ጅቡቲ ጠልቆ ማታውኑ በመኪና ወደ አዲስ አበባ መውጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። አውሮፕላን እንደሚከለከል ሰምቷል። መኪና ግን መሬት ላይ ስለሚሄድ ችግር የለውም ብሎ ነው ያሰበው።

መልስ 12፣ ከአዲስ አበባ

ነርስ የሆነች እህት ወዲያው መለሰችለት፣ እግዜር ይስጣት። አደገኛ ሐሳብ ነው። አውሮፕላን የሚከለከለው ስለሚበር ሳይሆን ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስና ያ የናይትሮጅን አረፋ ሊያመጣ ስለሚችል ነው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ቢወርድ ቢወርድ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ነው። አዲስ አበባ ራሷ 2,300 ሜትሩን አልፋለች። ስለዚህ አዲስ አበባ መግባት ማለት ለሰውነት አውሮፕላን ውስጥ እንደመቀመጥ ነው። ልዩነቱ ከተማው ውስጥ ገብቶ ማደሩ ነው። አንድ ጊዜ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ከባሕር ጠለል ከፍታ ሳይርቅ መቆየት አለበት። ባቡሩም ያው ነው፤ ድሬዳዋ እንኳ ሲደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ወጥቷል።

ይህን ለአክስቴ ልጅ ወዲያው ላክሁላት። የመመለሻ ትኬቷ የመጨረሻው ጥልቀት በዋለ ማግስት ጠዋት ነበር። አንድ ቀን ገፋነው። ለትኬት ለውጡ የከፈልነው ገንዘብ አይቆጨኝም።

መልስ 13፣ ከሻርጃ

የመጀመሪያዋ መላሽ ናት፣ አሁን ግን ትሕትናዋ ትንሽ ቀንሷል። ለጅቡቲው ወንድም ነው የጻፈችው። ጅቡቲ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ሄዳ ነበር። አንድ ጀልባ ላይ አምስት ሰው ብቻ ናቸው፣ እሱ እንደሚለው ትንሽ። ግን አንዷን ዌል ሻርክ የከበቧት ትናንሽ ጀልባዎች ስምንት ነበሩ። አራት ሜትር የማትሞላ ገና ልጅ ናት። ሞተሩ ሳይጠፋ ሰው እላይዋ ላይ ይዘላል። ጀርባዋ ላይ በተርታ የተሰነጠቀ የፕሮፔለር ጠባሳ አየች፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ እኩል የተራራቀ። እሷ ያን ቀን ማስኳን አውልቃ ጀልባው ላይ ቁጭ እንዳለች ጻፈች። ስምንት ትንሽ ጀልባ አንድ ላይ ሲሆን ትንሽነቱ የት ላይ እንደሆነ እንዲያስረዳት ጠየቀችው።

መልስ 14፣ ከጅቡቲ

እኔ ይጣላሉ ብዬ ሰግቼ ነበር። አልተጣሉም። እውነቷን እንደሆነ አምኖ ጻፈ፤ እሱንም ለብዙ ጊዜ ሲያናድደው የኖረ ነገር ነው። ወቅቱ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ አካባቢ አጭር ስለሆነ ሁሉም ይሻማል። እሱ የሚሠራበት ጀልባ ሞተሩን ርቆ ያጠፋል፣ ሰዎቹ ሳይዘሉ ተንሸራተው ይገባሉ፣ ከጎኗ እንጂ ከፊቷ አይዋኙም። ግን አንዱ እንዲህ ሲያደርግ ሌላው ቀድሞ እላይዋ ይደርሳል፣ ደንበኛም ወዲያ ይሄዳል። ለሜሪላንዷ እህትም ስለ ቢሮ የተናገረውን እንድትተውለት ለመናት። ከዚህ በኋላ ጽሑፉ ሁሉ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል።

መልስ 15፣ ቦታው አልተጻፈም

ይህ ሰው አገር በስንት ችግር ተወጥሮ የጀልባ ምርጫ ማውራት ቅንጦት እንደሆነ ወቅሶን ወጣ። መልስ ልጽፍ ጀምሬ ሳልጨርስ የሚከተለው ገባ።

መልስ 16፣ ከአስመራ መንገድ፣ አዲስ አበባ

ጋሼ ብለን የምንጠራቸው አባት ናቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ አገልግለዋል። ወቃሹን ሰው አልተቆጡትም። ባሕር ላይ ሰው እንዳይቀር መነጋገር ቅንጦት ሊሆን እንደማይችል፣ እሳቸው በአንድ ቸልተኛ ቆጠራ የተነሳ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈለግ ያደረ ጓደኛ እንደነበራቸው፣ ጎህ ሲቀድ በሕይወት እንዳገኙት ተረኩልን። ከዚያ ወዲህ አለቃቸው በጣት መቁጠር ከለከለ። ስም ይጠራል፣ ባለቤቱ በራሱ ድምፅ ይመልሳል። ጓደኛው አለ ብሎ የመለሰለት እንደሌለ ይቆጠራል። ድምፁ ካልተሰማ ሞተር አይነሳም።

ስለ ዳህላክም አወሩን። የድሮ ዕንቁ ጠላቂዎች ያለ ታንክ፣ በአንድ ትንፋሽ ይወርዱ ነበር። ላይ ሆኖ ገመድ የሚይዝ ሰው ነበራቸው። እሳቸው እንደሰሙት ገመድ ያዡ ጠላቂው እስኪወጣ ከማንም ጋር አያወራም ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ ስለ ጀልባ ስፋት ማሰብ ተውኩ። ገመዱን የሚይዘው ማን ነው የሚለው ነው የያዘኝ።

መልስ 17፣ ከኤላት

ሦስተኛዋ መላሽ ለሁለቱም ጀልባዎች ምን ብዬ መጻፍ እንዳለብኝ ነገረችኝ። አንድ ጋይድ ስንት ሰው ይዞ ይወርዳል? የልምዳችን መጠን ይታያል ወይ፣ ወይስ አየር ቶሎ የሚጨርስና ቆጥቦ የሚጠቀም አንድ ላይ ይገባል? አየር የጨረሰ ሰው ሲኖር ቡድኑ በሙሉ ይወጣል ወይስ እሱ ብቻውን ይላካል? ሁላችንም ውሃ ውስጥ ስንሆን ጀልባው ላይ ሞተር ማስነሳት የሚችል ሰው ይቀራል? ኦክስጅኑ የት ነው ያለው፣ ለስንት ደቂቃ ይበቃል? የአቡዳቢው አስተማሪ እዚህ ጋ ገብቶ ሬዲዮውን እንዳልረሳ፣ እያንዳንዱ ሰውም የምልክት ፊኛ ይዞ መውረድ እንዳለበት አከለ፣ በተለይ መልሕቅ ለማይጥል ጀልባ። ከሞገድ መሃል አንድ ራስ ከሩቅ አይታይም። ብርቱካናማ ፊኛ ግን ይታያል።

ስለ ጎማ ጀልባው ደግሞ ያላሰብኩትን ነገር ነገረችኝ። መሰላል ከሌለው ጃኬትና ታንኩን ውሃ ውስጥ አውልቆ አቀብሎ፣ ፊንሱን እየመታ ራሱን ስቦ መውጣት ነው። ለለመደ ሰው የደቂቃ ሥራ ነው። ለደከመች ጀማሪ ግን ከባድ ነው።

መልስ 18፣ የእኔ

ለሁለቱም ጻፍኩ። የትልቁ ጀልባ ሰዎች በማግስቱ መለሱ። ጋይድ አራት ነው፣ ከስድስት ሰው በላይ አይዝም። ጀማሪ ካለች ለብቻዋ አስተማሪ ይመደብላታል። የኦክስጅን ሳጥኑን ፎቶ አንስተው ላኩልኝ፣ አረንጓዴ ሳጥን፣ ቀኑ የተጻፈበት። የትንሿ ጀልባ ሰዎች ሁሉም ነገር እንደተሟላ በአንድ መስመር ጽፈው አበቁ። ደግሜ ስጠይቅ ጋይዱ ሲወርድ ካፒቴኑ ብቻውን እንደሚቀር ነገሩኝ። ስለ ኦክስጅኑ አልመለሱልኝም። ሌላ ትንሽ ጀልባ ቢሆን መልሱ ሌላ ይሆን ነበር፣ ይህን አውቃለሁ። እኔ የማወራው ፊቴ ስላሉት ሁለቱ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ወሰንን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት የአክስቴ ልጅ ከዳር፣ አሸዋማ ቦታ ላይ፣ ከአስተማሪ ጋር ትጀምራለች። እኔም አብሬያት እገባለሁ። ሦስተኛው ቀን ትልቁ ጀልባ ነው፣ ጸጥ ያለ ቦታ። ራስ መሐመድ ለሌላ ዓመት።

ቲስልጎርምን ለማየትም ጓጉቼ ነበር። ኦክቶበር 6 ቀን 1941 በጀርመን አውሮፕላኖች ቦምብ የሰመጠው የእንግሊዝ የጭነት መርከብ ነው፤ ሞተር ብስክሌቶቹና የጭነት መኪኖቹ አሁንም ውስጡ ተደርድረው አሉ። የፍራንክፈርቱ ወንድም በግል ጽፎልኝ ተስፋዬን አዘገየው። ወለሉ 30 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያም ብሶ ብዙ ጀልባዎች ባንድ ጊዜ እዚያው ላይ ስለሚታሰሩ፣ ቀድሞ ለመድረስ ከሻርም ገና ሌሊት ይነሳሉ። ገመዳቸውን መርከቡ ላይ ሲያስሩ የኖሩት ጀልባዎች ብረቱን እንደጎዱትም ነግሮኛል። ቀጣዩን ኮርስ ወስጄ እሄዳለሁ።

መልስ 19፣ ከአስመራ መንገድ

ጋሼ እንደገና ጻፉ፣ አጭር ናት። ስመለስ ጀልባው ላይ እንዴት እንደቆጠሩን እንድጽፍላቸው ነው የጠየቁት፤ በጣት፣ በፊርማ ወይስ በስም። ቃል ገብቼላቸዋለሁ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከወዲሁ ትንሽ ደብተር ገዝታለች፣ የስምንታችንን የቡድን ስም ልትጽፍበት። ስድስት ጠላቂ፣ አንድ ጋይድና የእሷ አስተማሪ። የምንወጣው ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው።